«ካኖን አርጅቷል፣ ያላችሁን ሽጡ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤቶች እስከ ኮምቦልቻ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች ድረስ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ካኖን አርጅቷል፣ ያላችሁን ሽጡ» የሚል ነው። በንዴት የተጻፈ ነው፤ ንዴቱም ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ቦዲ (ሌንስ ያልገባበት የካሜራ አካል) ይወጣል ብሎ ዓመታት ጠብቆ፣ ሲወጣ የፈለገውን ያጣ የካሜራ ሠሪው የካኖን ደንበኛ ሁሉ ስሜቱን ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ከዚያ ንዴት ተነስተው የሰጡት ምክር የብዙ ሰው እንጀራ የሚነካ ስለሆነ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ከሚባለው ካሜራው ወዲህ ተኝቷል፤ በየአራት ዓመቱ ቁጥር ከመቀየር በቀር ያመጣው ነገር የለም። ኮዳክ በሄደበት መንገድ እየሄደ ነው። ሌንስ ከቦዲ ጋር የሚያያዝበትን መግጠሚያ ከድሮው ኢኤፍ ወደ አዲሱ አርኤፍ ሲቀይር የነባር ደንበኞቹን ሌንስ ቁርጥራጭ ብረት አድርጎታል። ሶኒ በአንድ ጊዜ የሰጠውን ካኖን ሆን ብሎ እየቆነጠረ ይሸጣል። ስለዚህ ዲኤስኤልአር (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት ያለው የቆየው ዓይነት ካሜራ) የያዘ ሰው ዋጋው ጨርሶ ሳይወድቅ፣ ካስፈለገም ዕቁቡን ቀድሞ ወስዶ፣ ሁሉንም ሽጦ ወደ ሚረርለስ፣ ያ መስታወት ወደሌለው አዲሱ ዓይነት፣ ይሻገር።

ከመጀመሪያው እንነሳ። «ተኝቷል» ለሚለው ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ የፒክስል ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው 5ዲ ማርክ 2 21.1 ሜጋፒክስል ነበረው፤ በ2012 የመጣው ማርክ 3 22.3፣ በ2016 የመጣው ማርክ 4 ደግሞ 30.4። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሰርግ የሚያነሳ ሰው የሚቸገረው በፒክስል ማነስ ሳይሆን ፎከሱ በሳተ ፎቶ ነው። ማርክ 2 የነበሩት 9 የፎከስ ነጥቦች ወደ መሃል የተሰበሰቡ ሲሆኑ፣ በቁምም በአግድምም የሚያነበው የመሃሉ አንዱ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንሺው በመሃሉ ነጥብ የሙሽራዋን ዓይን ይይዝና ካሜራውን አዙሮ ፍሬሙን ያስተካክላል። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 1.8 (የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ተከፍቶ) ይህን ሲያደርግ የፎከሱ መስመር ወደ ኋላ ይንሸራተትና ዓይኗ ደብዝዞ ጆሮዋና የጆሮ ጌጧ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ማርክ 3 ላይ ነጥቦቹ 61 ሆኑ፣ 41ዱም በሁለቱም አቅጣጫ የሚያነቡ ነበሩ። የፒክስሉ ቁጥር ያደገው በአንድ ነጥብ ምናምን ነው፤ ካሜራው ግን ሌላ ካሜራ ሆኗል።

ጸሐፊው ያለፏቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። በ2013 ከካኖን 70ዲ ካሜራ ጋር የመጣው አሠራር እያንዳንዱን ፒክስል ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለቱ ግማሾች የሚያዩትን በማነጻጸር ብርሃን የሚቀበለውን ሴንሰር ራሱን የፎከስ መሣሪያ አደረገው። ዛሬ የካኖን ሚረርለስ ዓይን ተከትሎ የሚይዘው በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። በ2014 የወጣው 7ዲ ማርክ 2 ደግሞ የአዳራሽ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል አንብቦ፣ ሹተሩን (ሴንሰሩን የሚሸፍነውን መጋረጃ) መብራቱ ከፍ በሚልበት ቅጽበት የሚለቅበት ዘዴ ይዞ መጣ። በተከታታይ ሲነሳ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ጨለማ የሚሆንበትን ችግር የሚያውቅ ሰው ይህን ትንሽ ነገር አይለውም።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ይበልጥ ሊጠቀሙበት ይችሉ የነበረ እውነተኛ ድክመት አለ። ካኖን ከሴንሰሩ የሚወጣውን ምልክት ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ክፍል ለረጅም ጊዜ ከሴንሰሩ ውጪ አስቀምጦ ነበር። ምልክቱ መንገድ ላይ ጫጫታ ይለቅማል። ነጩ የሐበሻ ቀሚስ እንዳይነጣ ተብሎ ፎቶው ጨለም ተደርጎ ይነሳና፣ ኮምፒውተር ላይ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ሲገለጥ መስመር መስመር ያለው ሻካራ ጥላ ይወጣል። በ2016 በ80ዲና በ5ዲ ማርክ 4 ይህ ተስተካከለ፤ በ2017 የወጣው 6ዲ ማርክ 2 ግን ወደ ድሮው ተመለሰ። ደንበኞች በዚህ ቢቆጡ ፍርዱ ለእነሱ ነው። እንዲህ ያለ ቦዲ በእጁ ያለ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፦ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው የስሜት ልክ ነው) አጨልሞ አንስቶ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ከማብራት፣ መጀመሪያውኑ አይኤስኦውን 800 አድርጎ በትክክለኛው ብርሃን ማንሳት። በእነዚህ ቦዲዎች ላይ ጥላው በጣም ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ጄፔግ ብቻ ሳይሆን ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) መሆኑንም ማረጋገጥ ነው።

ኮዳክን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኮዳክ በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በራሱ መሐንዲስ አሠርቶ፣ በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ፍለጋ ፍርድ ቤት የገባው ትርፉ ከፊልም፣ ከወረቀትና ከኬሚካል ስለነበር ነው፤ ዲጂታል የሚሸጠውን ዕቃ ራሱን አጠፋበት። ካኖን ዲኤስኤልአር ሸጠ ሚረርለስ፣ የሚሸጠው ያው ቦዲና ሌንስ ነው። የካሜራ ገበያው በ2010 ከነበረበት 121 ሚሊዮን ገደማ በ2022 ወደ 8 ሚሊዮን መውረዱ እውነት ነው፤ ያወረደው ግን ስልክ ነው፣ በይበልጥም የበላው ትንንሾቹን የኪስ ካሜራዎች ነው። ፍጥነት ያድናል የሚለውን ለመመርመር ሳምሰንግን ማየት ይበቃል። በ2014 ያወጣው ኤንኤክስ 1 28 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 15 ፎቶ፣ 4ኬ ቪዲዮ ነበረው፤ በዘመኑ ካኖንንም ሶኒንም የሚያስከነዳ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ኩባንያው የካሜራ ሥራውን ተወው፤ ሌንሱን የገዛ ሰው ሌንሱን ታቅፎ ቀረ። ፈጣን ኩባንያ ሁሉ ደንበኛውን ይጠብቃል ማለት አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ሦስተኛው ነው፤ ሌንስ። ጸሐፊው «ቁርጥራጭ ብረት» ያሉት በስህተት ነው፣ ስህተቱም በሚሊሜትር ይለካል። የኢኤፍ ሌንስ ከሴንሰሩ 44 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። በ2018 ከኢኦኤስ አር ካሜራ ጋር የመጣው አርኤፍ ይህን ርቀት 20 አደረገው። ልዩነቱ 24 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮውን ሌንስ ከአዲሱ ቦዲ የሚያገናኘው የካኖን አዳፕተርም ልክ 24 ሚሊሜትር የሆነ፣ በውስጡ አንዳች መስታወት የሌለው፣ 110 ግራም የሚመዝን ባዶ ቱቦ ነው። መስታወት ስለሌለው ጥራት አይቀንስም፤ የኤሌክትሪክ ንክኪዎቹ ቀጥ ብለው ስለሚያልፉ ፎከሱም፣ የንዝረት መከላከያውም፣ የቀዳዳው ቁጥጥርም ይሠራል። ካኖን ከ1987 ጀምሮ የፎከስ ሞተሩን በየሌንሱ ውስጥ ስላስቀመጠ፣ የያኔው የኢኤፍ ሌንስ እንኳ ዛሬ በአዳፕተር ራሱ ፎከስ ያደርጋል። የኒኮንን ብናነጻጽር፣ ሞተር የሌላቸው የድሮ ሌንሶቹ በራሱ በኒኮን አዳፕተር ሚረርለሱ ላይ ሲገቡ በእጅ ብቻ የሚሠሩ ይሆናሉ።

ካኖን ደንበኛውን ሜዳ ላይ የጣለበትን ጊዜ ለማየት ወደ 1987 መመለስ ይሻላል። ያኔ የነበረው ኤፍዲ ሌንስ ርቀቱ 42 ሚሊሜትር ነበር፤ አዲሱ ኢኤፍ 44 ሆነ። ኤፍዲ ሌንስ ኢኤፍ በሚወስደው የኢኦኤስ ቦዲ ላይ ሲገባ ከሚገባው 2 ሚሊሜትር ርቆ ስለሚቀመጥ የቅርቡን እንጂ የሩቁን አይይዝም። መፍትሔው መሃል ላይ መስታወት ማስገባት ብቻ ነበር፣ እሱም ጥራት ያበላሻል። የሚገርመው ይኸው የ2 ሚሊሜትር በደል በዘመናችን ተደግሟል፤ ጸሐፊው ግን አላነሱትም። ትንንሾቹ የካኖን ሚረርለስ የሆኑት የኢኦኤስ ኤም ካሜራዎች ሌንስ፣ ኢኤፍ-ኤም፣ ርቀቱ 18 ሚሊሜትር ነው። አርኤፍ 20 ስለሆነ ያ ሌንስ ወደ አዲሶቹ በምንም ባዶ ቱቦ አይሻገርም። ካኖን በየካቲት 2018 ከእነዚህ አንዱን፣ ኤም50ን አውጥቶ እየሸጠ፣ በዚያው ዓመት መስከረም አርኤፍን አመጣ፤ በ2022 አርኤፍ የሚወስዱት አር7ና አር10 ሲወጡ የኤም መንገድ መዘጋቱ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ኤም50 ገዝቶ ሥራ የጀመረ ወጣት «ተከዳሁ» ቢል ልክ ነው።

አዳፕተሩ እንከን የለውም ማለትም አይደለም። ዋጋ አለው። ለጠባብ ሴንሰር የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች በኢኦኤስ አር ላይ ሲገቡ ካሜራው መሃሉን ብቻ ቆርጦ ስለሚወስድ ከ30ው ሜጋፒክስል 11 ከግማሽ ገደማ ይቀራል። የሌላ ድርጅት ርካሽ አዳፕተር ሲላላ ካሜራው «ኢረር 01» ይላል፤ ይህ ሌንሱና ቦዲው አልተግባቡም ማለት ነው። ሌንሱን ለጥገና ከመላክ በፊት ወርቃማ የንክኪ ነጥቦቹን በንጹህ ጨርቅና በጥቂት አልኮል መጥረግ፣ ከዚያ በሌላ አዳፕተር መሞከር ይገባል፤ በላጲስ መፋቅ ግን ልባጡን ይልጠዋል። የሌላ ድርጅት የሆነው የሲግማ ሌንስ ገብቶ ፎቶው ላይ ክብ ክብ መስመር ከታየ ደግሞ ከሜኑ ውስጥ የሌንስ እርማቶቹን ማጥፋት ነው፤ ካሜራው የማያውቀውን ሌንስ እንደራሱ አድርጎ ሊያርም ሲሞክር የሚመጣ ችግር ነው።

እንዲያውም ደሴ ላይ ሌንስ የሚገድለው መግጠሚያ ሳይሆን ሻጋታ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ቤት ውስጥ ሳይቀር እርጥበት ይተዋል። ብዙ ሰው ሌንሱን የሚያስቀምጥበት የቆዳ ቦርሳ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል። በደንብ የሚዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን፣ ውስጡ እርጥበት የሚመጥና ቀለሙን የሚቀይር ሲሊካ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ማድረቅ፤ ያ ይበቃል። ጠዋት ደሴ ቀዝቅዞ ያደረ ካሜራ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሞቃት አዳራሽ ሲገባም ቦርሳው ወዲያው አይከፈት፤ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሻጋታ መኖሩን ለማወቅ ቀዳዳውን ከፍቶ የስልክ መብራት ከኋላ ማብራት ነው፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ከታየ ገብቷል። ያገለገለ ኢኤፍ ሌንስ የሚገዛ ሰው ከብራንድ ክርክር በፊት ይህን ይመልከት።

«ሶኒ በአንድ ጊዜ ሰጠ» የሚለው ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። በ2018 መጀመሪያ የወጣው የሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ሁለት የሚሞሪ ቦታ፣ ያልተቆረጠ 4ኬ፣ ረጅም ባትሪ ይዞ መጣ። ከወራት በኋላ የመጣው ኢኦኤስ አር አንድ የሚሞሪ ቦታ ብቻ ነበረው፤ 4ኬውም መሃሉን ቆርጦ ስለሚያነሳ 24 ሚሊሜትር ሌንስ 42 አካባቢ ይሆናል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹን፣ ሙሽሮቹንና ቤተሰቡን በአንድ ፍሬም ማስገባት የማይቻለው በዚህ የተነሳ ነው፤ ግድግዳ ወደ ኋላ አይገፋ ነገር። ሆን ተብሎ መቆንጠሩን የሚያሳይ ማስረጃም አለ። በ2019 የካኖን 90ዲና ኤም6 ማርክ 2 በሰከንድ 24 ፍሬም የሚቀርጹበት ምርጫ ተነፍጓቸው ወጡ፤ ደንበኛ ሲጮህ በፈርምዌር (በካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ተጨመረላቸው። መሣሪያው መጀመሪያም ይችል ነበር ማለት ነው።

ግን «በአንድ ጊዜ» የሚለው ልክ አይደለም። በ2013 የመጣው የመጀመሪያው ኤ7 ባትሪው 340 ፎቶ ገደማ ይሰጥ ነበር፣ የሚሞሪ ቦታው አንድ ነበር፣ ሌንሶቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የ2018ቱ የተገኘው በመሃል ገዝተው በቀየሩ ደንበኞች ወጪ ነው። ሶኒ በ2006 ከሚኖልታ የወረሰውና ከ1985 ጀምሮ የነበረው ኤ-ማውንት መግጠሚያም በ2016 ከወጣው ኤ99 ማርክ 2 ወዲህ አዲስ ቦዲ አላየም። ነባር ደንበኛን ትቶ መሄድ የካኖን ብቻ ኃጢአት አይደለም።

እንግዲህ ነባሩ ደንበኛ በካኖን ላይ በትክክል ሊቆጣበት የሚገባው የቱ ላይ ነው? በቦዲው ቀርፋፋነት ሳይሆን በበሩ መዘጋት ላይ። ሶኒ መግጠሚያውን ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች ክፍት ስላደረገ፣ ታምሮን በ2018 28-75 ኤፍ 2.8 ሌንስ ለሶኒ ሠራ፤ ሰርግ አንሺ ሊደርስበት በሚችል ዋጋ። ካኖን ግን በ2022 ሌንስ ሠሪው ቪልትሮክስ የአርኤፍ ሌንሶቹን እንዲያቆም አደረገ። በ2024 ለሲግማና ለታምሮን ሲፈቅድም የፈቀደው ለጠባብ ሴንሰር ሌንሶች ነው። የራሱን 28-70 ኤፍ 2.8፣ በመካከለኛ ዋጋ የሚገኘውን፣ ያመጣው በመስከረም 2024፣ አርኤፍ ከተጀመረ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ለደንበኛው የቀረበለት ምርጫ ወይ በጣም ርካሹ፣ ወይ ባለ ቀይ ቀለበቱ ውዱ ነበር። መሃሉን የሞላው ያው የድሮ ኢኤፍ ሌንስ በአዳፕተር ነው። ጸሐፊው ብዕራቸውን እዚህ ላይ ቢያሾሉ ኖሮ ይህ ምላሽ ባላስፈለገ።

የቀረው «ሽጡና ተሻገሩ» የሚለው ምክር ነው። ሚረርለስ ዓይን ተከትሎ በመያዝ ከዲኤስኤልአር ይበልጣል፤ በዚህ ክርክር የለም። ዋጋውን ግን በሙሉ እንቁጠረው። በመደበኛው መለኪያ 5ዲ ማርክ 4 በአንድ ባትሪ 900፣ 6ዲ ማርክ 2 1,200 ፎቶ ይሰጣሉ። ሚረርለሶቹ ኢኦኤስ አር 370፣ ኢኦኤስ አርፒ 250 ናቸው። የዓይን ማያው ራሱ ትንሽ ስክሪን ስለሆነ ባትሪ ይበላል። ሙሽራዋ ከምትዘጋጅበት ንጋት እስከ ማታው ጭፈራ፣ መሃል ላይ መብራት እየጠፋ፣ በሁለት ባትሪ የሚዘለቅ ሥራ አይደለም፤ ቢያንስ አራት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የካኖን ዝግመት ለደንበኛው ጠቅሟል፦ በ2008 ከ5ዲ ማርክ 2 ጋር የመጣው ኤልፒ-ኢ6 ባትሪ ቅርጹ ሳይቀየር እስከ 2020ዎቹ አር5ና አር6 ድረስ ይገባል። በአዲሱ አር5 ማርክ 2 ላይ በድሮው ባትሪ አንዳንድ ሥራ ይገደባል፤ አርፒም የሚወስደው ሌላ ትንሽ ባትሪ ነው፤ ይህን ሳያውቁ መግዛት ያስቆጫል።

ጸሐፊው «ቪዲዮአችሁ የሚርገበገበው ካሜራችሁ ስላረጀ ነው» ማለታቸውም ሰውን ያሳስታል። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ፍሎረሰንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ከውጭ ተይዞ የመጣ ያገለገለ ቦዲ ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ኤንቲኤስሲ በሚባለው የ60 ኸርዝ አገሮች ስልት ላይ፣ በ30 ፍሬምና በ1/60 ሹተር እንደተስተካከለ ነው የሚመጣው። ከሜኑ ወደ ፓል (የ50 ኸርዝ አገሮች ስልት) መቀየር፣ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ነው። መርገብገቡ ወዲያው ይጠፋል። ርካሽ የዳስ ኤልኢዲ ግን በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ በዚህም ላይስተካከል ይችላል፤ ቀድሞ ሄዶ አንድ ደቂቃ ቀርጾ ማየት ነው። ይህ ችግር ኤ7 ማርክ 3 ቢገዙም ይከተላል።

በቂ ምክንያት ኖሮት የሚሻገር ሰውም አለ፤ በተለይ ቪዲዮ ዋና ሥራው የሆነ። እሱ ሌንሶቹን ባይሸጥ ይሻለዋል፤ ቦዲ ብቻ ለውጦ አዳፕተር ይጨምር፣ የድሮውንም ቦዲ ለመጠባበቂያ ያስቀር። የድሮው 5ዲ ማርክ 3 ከሆነ ሁለት የሚሞሪ ቦታው ለማይደገም ሥራ ዋጋ አለው፤ ብቻ ከሲኤፍ ካርዱ ይልቅ የኤስዲ ካርዱ ቦታ ቀርፋፋ ስለሆነ በሁለቱም ላይ ሮው ሲጻፍ የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ቶሎ ይሞላል፤ ሮውን ወደ ሲኤፍ፣ ጄፔጉን ወደ ኤስዲ መላክ ይበጃል።

ያገለገለ ሚረርለስ ሲገዛ ሻጩ «ብዙ አልተነሳበትም» ቢል፣ አብዛኞቹ የካኖን ካሜራዎች የሹተር ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ እንደማይጽፉ ይታወቅ፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ በገመድ ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። በአንድ ሰርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው በዓመት 40 ሰርግ ቢሠራ 80,000 ነው፤ ለ150,000 የተሠራ ሹተር በሁለት ዓመት ዕድሜውን ይገፋል። ቀጥሎ ሴንሰሩ ይታይ። አንጸባራቂ መስታወት የሚሸፍነው ስለሌለ አቧራ ይበዛበታል፤ ኢኦኤስ አር ሲጠፋ ሹተሩን ዘግቶ ይከላከላል፣ ኤ7 ማርክ 3 ግን ክፍቱን ይቀራል። ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጎ፣ ፎከሱን አጥፍቶ ነጭ ግድግዳ ማንሳትና ፎቶውን አጉልቶ ማየት ነው። ጥቁር ነጠብጣቡ በእጅ አየር መንፊያ ከሄደ አቧራ ነው። ካልሄደ ዋጋው ላይ መነጋገር፤ ቀለም ያለው ጭረት ከሆነ ደግሞ ካሜራውን መልሶ መስጠት ነው።